ዳኛውን ማን ይዳኘዋል? ሐረር ላይ ሆነን እናስረዳችሁ

እስኪ አንድ ነገር አስቡ። ጁገል ውስጥ ባለ የቤተሰብ ቤት ላይ ክርክር ነበራችሁ እንበል። ወራት የፈጀ ቀጠሮ፣ የጠበቃ ክፍያ፣ ከሥራ የቀራችሁባቸው ቀናት። በመጨረሻ ፍርዱ ተነበበ፤ ተሸነፋችሁ። ከችሎት ወጥታችሁ ፈረስ መጋላ ሳትደርሱ አንዱ «ያው ተበልቶበት ነው» ይላችኋል። ሌላው «ዳኛው እኮ የዚያኛው ወገን ዘመድ ናቸው» ይላል። ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ የዳኛውን ስም ልትለጥፉ ትነሳላችሁ።

ቆይ! ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

«ዳኛ ቢያጠፋ ማን ይጠይቀዋል?» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ብዙዎቻችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለምናምታታ መብታችን በእጃችን ላይ ያልፋል። ዛሬ እሱን ቁጭ ብለን እንለየው።

🔹 ሁለት በሮች አሉ

አንደኛው በር ለተሳሳተ ፍርድ ነው። ዳኛው ማስረጃ በትክክል አልመዘኑም፣ ሕጉን አጣመው ተረጎሙ ካላችሁ መንገዱ ይግባኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። የበላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል። የመጨረሻ ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ደግሞ ሰበር አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ (አዋጅ 454) የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ሐረርን ጨምሮ ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ለጥፋተኛ ዳኛ ነው። ጉቦ የጠየቀ፣ ባለጉዳይ የሰደበ፣ ዘመዱ የሚከራከርበትን መዝገብ ይዞ የተቀመጠ፣ ያለ ምክንያት መዝገብ የሚያጉላላ ዳኛ ካለ አቤቱታው የሚሄደው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የፌዴራሉ ለፌዴራል ዳኞች፣ የክልሉ ለክልል ዳኞች። ጉቦ ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነውና ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ይመለከታቸዋል። ልብ በሉ፣ ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ።

አሁን ዋናው ነጥብ፦ ጉባኤው ፍርዳችሁን አይቀለብስም። ዳኛው ጥፋተኛ ተብለው ቢቀጡ እንኳ ቤቱ በዚያው ምክንያት ብቻ አይመለስላችሁም። ብዙ ሰው በንዴት «ዳኛውን አስቀጣለሁ» ብሎ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር 60 ቀኗ ታልቃለች። ስለዚህ ሁለቱም ችግር ካለ ሁለቱንም በር አንኳኩ፤ ግን ይግባኙን አታስረፍዱ።

🔹 ዳኛ እንዴት ይሾማል? እንዴትስ ይነሳል?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንትን ርዕሰ መስተዳድሩ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ሌሎቹን የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ደግሞ የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅርቦ ምክር ቤቱ ይሾማቸዋል። ጉባኤው ዕጩዎቹን ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት የመጠየቅ ግዴታም አለበት።

ማንሳቱስ? አንቀጽ 79 ጠበቅ ያለ ነው። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ የሚነሳው የዲሲፕሊን ጥፋት ሲፈጽም፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ሲታይበት ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው ነው። ይህንንም መጀመሪያ ጉባኤው መወሰን አለበት፣ ከዚያ ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ማጽደቅ አለበት።

ወደ እኛ ስናመጣው፣ የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ ነው ያለው። 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። ሁሉም ቢገኙ አብላጫ ማለት 19 እጅ ነው። በትልልቆቹ ክልሎች መቶዎች የሚሰጡበትን ድምፅ እዚህ ጥቂት ሰዎች ይሰጡበታል። ስለዚህ የምትመርጡት ተወካይ ስለ ዳኞች ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

🔹 «አጠፋ ከተባለ ለምን ወዲያው አይባረርም?»

ጥሩ ጥያቄ። መልሱን ከራሳችን ታሪክ እንይ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታስረው ነበር። በጊዜው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

እስኪ አስቡት። ያኔ አንድ ባለሥልጣን ብቻውን ዳኛ ማባረር ቢችል ኖሮ ያቺ ዳኛ በማግስቱ ወንበራቸው ላይ ይገኙ ነበር? ዳኛን ለማንሳት ሁለት ቁልፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። የዳኛ ነፃነት ለዳኛው የተሰጠ ጉርሻ አይደለም። ነገ ከመንግሥት ጋር ስትካሰሱ ዳኛው ስልክ ተደውሎለት እንዳይፈርድባችሁ የተሠራ አጥር ነው።

ግን አጥሩ መደበቂያም መሆን የለበትም። አጥሩን ተገን አድርጎ የሚበላ ዳኛ ካለ እሱን የሚያወጣው በር በትክክል መሥራት አለበት። ነፃነትና ተጠያቂነት አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ዋጋ የለውም።

🔹 ሐረሪዎች ምርጫ ቦርድን የረቱበት ጊዜ

ነፃ ፍርድ ቤት ምን እንደሚጠቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ6ኛው አገራዊ ምርጫ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው 14 መቀመጫዎች ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ የሚል ክርክር ተነሳ። ክልሉ «ሕገ መንግሥታችን ይፈቅድላቸዋል» አለ። ምርጫ ቦርድ አልተቀበለውም። ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ከክልሉ ውጭ ያሉት ሐረሪዎች እንዲመርጡ ወሰነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በክልሉ ምርጫ ሲካሄድ እነሱም ድምፅ ሰጡ።

በወቅቱ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ማን እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ? ብርቱካን ሚደቅሳ። ያኔ ዳኛ ሆነው ያዘዙት በፖሊስ ተሽሮ ያዩት ሴት፣ ከዓመታት በኋላ የሚመሩት ተቋም በፍርድ ቤት ተረታ፤ ቦርዱም ውሳኔውን ፈጸመ። በውሳኔው መስማማትና አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ዋናው፣ ተሸናፊው ተቋም ፍርዱን መፈጸሙ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት ይህንን ነው። በፍርድ ቢሆን ትልቁም ንብረት ቢሄድ ይቻላል፤ ያለ ፍርድ የሄደች ግን ቁራሽ እንጀራም ብትሆን ታንገበግባለች።

🔹 የትንሽ ከተማ ጣጣ

ሐረር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ዳኛውን ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ አፎቻ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ዳኛው ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም እያላቸው ዝም ብለው ሲያስችሉ ነው።

ለዚህ መፍትሔ አለ፤ «ዳኛው ከችሎት ይነሱልኝ» የሚል አቤቱታ። በሕጉ ከሚታወቁት ምክንያቶች መካከል የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ ዳኛው ቀድሞ በዚያው ጉዳይ ጠበቃ ወይም ዳኛ ሆነው የሠሩ መሆናቸው፣ ከተከራካሪው ጋር የራሳቸው ክርክር ያላቸው መሆኑ ይገኙበታል። አቤቱታው የሚቀርበው ግን ምክንያቱን እንዳወቃችሁ ወዲያው ነው። እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ ስትሸነፉ «ዘመድ ናቸው» ማለት የሚሰማችሁ አያገኝም።

🔹 ታዲያ ምን ይቀራል?

በፌዴራል ደረጃ ጉልህ ለውጥ የመጣው ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ (1233) እና የፍርድ ቤቶች አዋጅ (1234) ወጡ። እሳቸው በ2015 ዓ.ም. ከኃላፊነት ለቀዋል፤ ሕጎቹ ግን ቀርተዋል። እነዚህ የፌዴራል ሕጎች ናቸው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው።

ጎረቤታችን ኬንያ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ በኋላ በሥራ ላይ የነበሩ ዳኞቿን አንድ በአንድ በቦርድ አስመርምራ የማይገባቸውን አሰናበተች። በ2017 ደግሞ የዚያችው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ያሸነፉበትን ምርጫ ሰረዘ። መጠየቅ ዳኞችን የግድ ፈሪ አያደርጋቸውም ማለት ነው።

በእኛ እይታ በክልል ደረጃ ትልቁ ሥራ ግልጽነት ነው። ጉባኤው ስንት አቤቱታ ተቀበለ? ስንቱን መረመረ? በምን ምክንያት ቀጣ፣ በምን ምክንያት ነፃ አለ? ይህ በየዓመቱ ለሕዝብ በግልጽ ቢነገር ሐሜቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ንጹሑ ዳኛም ስሙ ይጠራል።

🔹 እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

✔️ የፍርዱን ግልባጭ ወዲያው ጠይቁ፤ 60 ቀኑን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉለት።
✔️ በዳኛ ላይ አቤቱታ ስታቀርቡ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተባለውን ቃልና ምስክር ጻፉ። «ሁሉም ያውቃል» ማስረጃ አይደለም።
✔️ ያስገባችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።
✔️ ያለ ማስረጃ የዳኛ ስም አትለጥፉ። በስም ማጥፋት ሊያስጠይቃችሁ ይችላል፣ እውነተኛውንም አቤቱታ ያበላሸዋል።
✔️ ችሎት ግቡ! በአንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው፤ የሚዘጋው በተለየ ምክንያት ብቻ ነው። ስልካችሁን አጥፍታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ሕዝብ እያየው ያለ ዳኛ የበለጠ ይጠነቀቃል።

በሚቀጥለው ጊዜ ፈረስ መጋላ ላይ «ዳኛው ተገዝቶ ነው» ሲባል ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ «ይግባኝ ብለሃል?» ካላለ ቀኑን ይቁጠር። ይህን ጽሑፍም ላኩለት።