ሸክላውን ያጠበ እጄ

በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። የማስተርስ ትምህርቴን ጀርመን ጨርሼ እዚያው ከቀረሁ ወዲህ አንድ አመል ይዞኛል፤ የጥንት የኦፔራ ዘፋኞችን ሸክላ መሰብሰብ።

የመጀመሪያውን የካሩሶ ሸክላ የገዛሁት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። አቧራ ጠጥቷል። እኔም ላጽዳው ብዬ በአልኮል ጠረግሁት። አልኮል ያጸዳል አይደል? የዚያ ዘመን ሸክላ የሚያያዘው ሼላክ በሚባል፣ ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ እንደሆነ፣ አልኮል ደግሞ ሙጫውን እንደሚያሟሟው የተረዳሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስንት ዘመን የተሻገረ ድምፅ በአምስት ደቂቃ ጽዳት ሄደ።

ኤንሪኮ ካሩሶ እ.ኤ.አ. አፕሪል 11 ቀን 1902 ሚላኖ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል 10 ዘፈኖች ቀድቷል። ማይክሮፎን የሚባል ነገር የለም። ዘፋኙ ትልቅ ጡሩምባ በሚመስል ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ ይቀርፃል። በኤሌክትሪክ መቅዳት የተስፋፋው ከ1925 ወዲህ ነው። ስለዚህ ሸክላው ላይ ያለው የሰውዬው የገዛ ትንፋሽ ነው።

አሁን ሸክላ የማድሰው በኮምፒውተር ነው። እዚህም ፈተናው ያው ጽዳት ነው። ፕሮግራሙን ጠበቅ ካደረግኸው ሽሽታው ይጠፋል፤ አብሮት ግን የዘፋኙ ትንፋሽና የፊደሎቹ ጥራት ይሄዳል፤ ሁሉም አንድ ሰፈር ነዋሪዎች ናቸውና። ፍጥነቱም አለ። “78 ዙር” ይባል እንጂ የጥንቶቹ ፍጥነት የተለያየ ነበር። በደቂቃ 74 ዙር የተቀዳውን በ78 ብታጫውተው ድምፁ ግማሽ ቶን ያህል ይቀጥናል፤ የምትሰማው ሌላ ሰው ነው።

ደንቤ አንድ ሆኗል፦ መጀመሪያ እንዳለ፣ ከነጩኸቱ ቅዳውና አስቀምጠው። ማሳመሩን በቅጂው ላይ ሞክር።

ይህን የምጽፈው ለካሩሶ ተቆርቋሪ ጠፍቶ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ጀርመን መጥተው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የብዙዎቹ ሥራ በየወላጆቻችን ቤት ሣጥን ውስጥ በሸክላና በካሴት ተቀምጧል። በዓል ለማክበር አገር ቤት ስትገቡ ሣጥኑን ክፈቱት። ግን አደራ፣ እንደኔ ለማጠብ አትቸኩሉ።