የማይጮኸው ደወል

ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ይሞላና የቧንቧ ቁራጭ መሐሉ ላይ ይተከላል። በማግስቱ ያ ጎን ሲጠነክር ይገለበጥና ባዶው ጫፍ ሲሚንቶ በሞላ ሌላ ጣሳ ውስጥ ይቆማል። እሱም ሲደርቅ ክብደት ማንሻው አለቀ ማለት ነው። በአዲስ አበባ መንደሮችም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች፣ ብረት ማንሳት ያማረው ወጣት ብዙው እጁን የሚያሟሸው በዚህ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዋግ፣ ሰቆጣ ላይ ያየውን ጥንድ የሠራው ልጅ የፃግብጂ ተወላጅ ነው። አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ነው።

«ይኼን ምን ትለዋለህ?»

«ዳምቤል።»

«ምን ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ዳምብ ደደብ ነው አይደል ጋሼ? ቤል ደግሞ ደወል። እንግዲህ የደደብ ደወል ነዋ!»

ፊልም ያስተማረው እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። ቤል በእርግጥ ደወል ነው። ዳምብ ግን ከስድብነቱ በፊት የነበረውና ዛሬም ያልጠፋው ትርጉሙ ዲዳ፣ ድምፅ የሌለው ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደወለው ከላይ የተሰቀለውን ትልቅ ደወል በገመድ በመሳብ ነው። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ዘወትር የሚደውል ሰው ክንዱና ደረቱ ይጠነክራል። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ገመዱና መሳቢያው ያለው፣ ደወሉ ግን የሌለው መሣሪያ ሠርተው ቤታቸው ውስጥ ይስቡ ጀመር። እንቅስቃሴው ሁሉ የደዋይ፣ ድምፁ ግን የለም። ስሙም ዲዳ ደወል ሆነ።

ጸሐፊው ጆሴፍ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1711 ስፔክቴተር በተባለው ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ልማዱ ጽፏል። ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ክፍሉ ጥግ ባለው ዲዳ ደወል ይሠራ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የወደደለትም ዝምታውን ነው። አከራዩና ልጆቿ ሰዓቱን ስለሚያውቁ «በሚደውልበት» ጊዜ ገብተው አይረብሹትም። በኋላ ያ የገመድ መሣሪያ ተረሳና ስሙ በእጅ ወደሚያዘው፣ ሁለት ጫፉ ወደከበደው አጭር ዘንግ ተሻገረ።

ለዋግ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ያደገ፣ ከዛፍ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ሲመታ የሰማ ልጅ፣ ደወል ምን እንደሆነ አይነገረውም። ልጁ የሲሚንቶ ጣሳውን በጣቱ አንኳኳው፤ ድም ብሎ ቀረ። «እውነትም ዲዳ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባርቤልን ማንም አላስጠናውም፤ ባር ዘንግ ነውና ባለዘንጉ ደወል ሆነለት። ኬትልቤልም ቅርጹ እጀታ ያለው ማንቆርቆሪያ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። አንድ ቃል ተከፍቶ ሦስት አስገኘ።

የጂም ቃላትን በዝርዝር ሸምድዶ ለመያዝ የሚታገሉ ሰዎች የሚያሳዝኑት ለዚህ ነው። ፕላንክ ሳንቃ ነው፤ ሰውዬው ራሱን እንደ ሳንቃ ያቀናል። ስኳት ቁጢጥ ማለት ነው። ማስል የመጣው ከላቲን ሲሆን ትንሽ አይጥ ማለት ነው፤ ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳው ሥር የሚሯሯጠውን ያየ ሰው ያወጣለት ስም ይመስላል። («ማስክል» የሚሉ አሰልጣኞች ቢተዉት ጥሩ ነው፤ መሐል ያለችው ፊደል አትነበብም።) ባይሴፕስ ባለሁለት ራስ፣ ትራይሴፕስ ባለሦስት ራስ ነው። ፋርትሌክ ደግሞ የእኛ የሩጫ አሰልጣኞች ሁሉ የሚሉት ቃል ቢሆንም ከነጭራሹ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ስዊድንኛ ነው፣ የፍጥነት ጨዋታ ማለት ነው።

ትሬድሚል የሚሉት የመሮጫ ማሽን ታሪኩ ደስ አይልም። ትሬድ መርገጥ፣ ሚል ወፍጮ ነው። መሐንዲሱ ዊሊያም ኩቢት እ.ኤ.አ. በ1818 ለእንግሊዝ እስር ቤቶች ያቀረበው፣ እስረኞች ተደርድረው የማያልቅ ደረጃ የሚወጡበት ትልቅ መንኮራኩር ነበር። አንዳንዱ እህል ይፈጫል፤ አንዳንዱ ምንም አይፈጭም፣ ቅጣት ብቻ ነው። ዛሬ ሰው በወር ከፍሎ ይረግጠዋል።

የቃላት ነገር እንዲህ በቀላሉ ይፈታል። አስቸጋሪው ግሱ ነው። የሰቆጣው ልጅ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ሲያነጋግረው «አይ ሜክ ስፖርት ኤቭሪ ዴይ» ብሎ ነበር፤ እንግዳው ግራ ተጋባ። ልጁ ያሰበው በአማርኛ ነው፤ አማርኛው ደግሞ ምንም አልጎደለውም። ጠዋት ተነስቶ ሱምሶማ የሚሮጥ፣ ሰውነቱን የሚያፍታታ፣ ዱብ ዱብ የሚል ሰው ሁሉ በእኛ አነጋገር ስፖርት ይሠራል። ቃሉን ተውሰን ሰፋ አድርገን ሰፍተነዋል። በእንግሊዝኛ ግን ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጨዋታና ውድድር ነው፤ ክብደት የሚያነሳው ሰው «አይ ወርክ አውት» ወይም «አይ ኤክሰርሳይዝ» ይላል። ሜክ ስፖርት ኦፍ የሚል የቆየ አነጋገርም አለ፤ ትርጉሙ በሰው ላይ መሳለቅ ነው!

ጂምም ያው ነው። «ጂም ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጂም ቤቱ ራሱ ስለሆነ ይኬድበታል እንጂ አይሠራም፤ የሚሠራው ግንበኛ ነው።

ኤክሰርሳይዝ የሚለውን ቃል ደግሞ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን መጽሐፍ ውስጥ መልመጃ ሆኖ፣ ባዶ ቦታ ሙሉ ከሚል ትእዛዝ ጋር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ራሱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የሰቆጣው ልጅ ስለ ጉልበት፣ ስለ ብርታትና ስለ መተጣጠፍ የሚናገሩትን ምዕራፎች ለፈተና አጥንቷቸዋል። በደብተሩ ከጻፋቸው መሣሪያዎች ግን እጁ የነካው የራሱን የጣሳ ጥንድ ብቻ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጠው ተማሪውን ሜዳ ቢያወጡትና ፕላንክን ሳንቃ ሆኖ፣ ስኳትን ቁጢጥ ብሎ ቢማረው ምን ነበረበት?

ለጂም ቤት ባለቤቶችም አንድ ልመና አለ። በእንግሊዝኛ ሳያርፉ ተከታትለው የሚሠሩት አንድ ዙር «ሰት» ይባላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ «4 ሴት፣ 12 ጊዜ» ይላል። እባካችሁ ፊደሉን አስተካክሉት፤ ካልሆነም «4 ዙር» በሉት።