ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር፦ የጤና ተቋም ዝግጁነት በምን ይለካል?

ከአዳማ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጤና ጣቢያ መረጃ የሚጀምረው ከታካሚው ካርድና ከየክፍሉ መዝገብ ነው። በየወሩ ተደምሮ ዲኤችአይኤስ 2 ወደተባለው ሥርዓት ይገባል። ሥርዓቱ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል።

ኮምፒውተር መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦

• መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል መጠባበቂያ ኃይል
• ኔትወርክ ሲቋረጥ መረጃውን መዝግቦ የማቆየት አሠራር
• አንዱ ቢዛወር ሥራው እንዳይቆም ከአንድ በላይ የሠለጠነ ባለሙያ
• ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ከመዝገቡ ጋር የማመሳከር ልማድ

ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። መዝገብ ላይ ያልታረመ ስህተት ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባም አይታረምም፤ የመድኃኒትና የክትባት ዕቅድም በተሳሳተ ቁጥር ይሠራል።