ኮምፒውተሩ ሳንነግረው የሚቀይራቸው ፊደላት

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የእሑድ ፕሮግራም፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና በስክሪን የሚታዩ ጥቅሶች የሚዘጋጁት በማይክሮሶፍት ወርድ ወይም በፓወርፖይንት ነው። በተለይ በውጭ አገር ባሉ የአማርኛ ጉባኤያት፣ እዚያ ያደጉ ልጆች እንዲከታተሉ ሲባል አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ይህን የሚያዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር ሳያጋጥማቸው አይቀርም፤ በትንሹ ፊደል የጻፉት ዓይናቸው እያየ ትልቅ ይሆናል፤ በትልቁ የጻፉት ደግሞ ትንሽ ይሆናል።

ይህ ቫይረስ አይደለም፤ የኮምፒውተር ብልሽትም አይደለም። አውቶኮሬክት የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅመናል። አንዳንዴ ግን የቃሉን ትርጉም ይለውጣል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ተገቢ ነው።

አምስቱ ደንቦች

የእኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል የሚባል ልዩነት የለውም። የላቲን ፊደል ግን አለው። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው በትልቁ ፊደል ነው፤ የሰውና የቦታ ስም፣ የቀናት ስምም እንዲሁ። በፍጥነት ስንጽፍ ይህን መሳት ቀላል ስለሆነ፣ አውቶኮሬክት በ1993 እ.ኤ.አ. ከወጣው ወርድ 6 ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ ገብቷል። ትልልቅ ፊደላትን የሚመለከቱት ደንቦቹ አምስት ናቸው።

1ኛ. በአንድ ቃል መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ ፊደላት መጥተው ቀሪዎቹ ትንንሽ ከሆኑ፣ ሁለተኛውን ፊደል ትንሽ ያደርገዋል።
2ኛ. የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ያደርጋል።
3ኛ. በሠንጠረዥ ውስጥ የእያንዳንዱን ሳጥን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ያደርጋል።
4ኛ. የቀናትን ስም በትልቁ ፊደል ያስጀምራል።
5ኛ. ካፕስ ሎክ ተጭኖ ሳለ የመጀመሪያው ፊደል ትንሽ፣ የቀሩት ትልልቅ ሆነው ከተጻፉ፣ በስሕተት የተጫነ ነው ብሎ ይገለብጣቸዋል፤ ካፕስ ሎኩንም ያጠፋል።

ለውጡ የሚደረገው ቃሉን ጨርሰን ስፔስ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ስንመታ ነው። ከሌላ ቦታ ገልብጠን የለጠፍነውን ጽሑፍ ግን አይነካም፤ የሚያርመው እየጻፍን ያለነውን ነው።

ፕሮግራሙ የሚያየው ምልክትን እንጂ ሐሳብን አይደለም። ነጥብና ክፍት ቦታ ካየ አዲስ ዓረፍተ ነገር ተጀመረ ብሎ ይወስዳል። ነጥቡ የአጽሕሮተ ቃል ነጥብ ቢሆንስ? ለዚህ የሚሆን የተለየ ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ካለ አጽሕሮት በኋላ የሚመጣውን ቃል ይተወዋል፤ ከሌለ ግን ያለ ቦታው ትልቅ ያደርገዋል።

በጥቅስ ላይ ሲደርስ

በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የፊደል መጠን የትርጉም ሥራ ይሠራል። መዝሙር 110፥1ን እንመልከት። በዕብራይስጡ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉ። አማርኛው የመጀመሪያውን እግዚአብሔር፣ ሁለተኛውን ጌታ ብሎ ስለሚተረጉም አንባቢው አይደናገርም። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን ለሁለቱም “ሎርድ” የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚለዩአቸው በፊደል መጠን ብቻ ነው። ለእግዚአብሔር ስም የቆመው ሁሉም ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ፊደል ብቻ። ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 22፥41-46 ፈሪሳውያንን የጠየቀው በዚሁ ጥቅስ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን አንድ ጸሐፊ ጥቅሱን ይተይባል እንበል። አራቱንም ፊደላት ትልቅ ለማድረግ ካፕስ ሎክ ይጫናል፤ ከልማድ የተነሣ ግን በመጀመሪያው ፊደል ላይ ሺፍትንም ይጨምራል። ካፕስ ሎክ እያለ ሺፍት ሲጨመር ፊደሉ ትንሽ ይሆናል። ወርድ ይህን ሲያይ በ5ኛው ደንብ ይገለብጠዋል፤ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ ሦስቱ ትንንሽ ይሆናሉ። በስክሪኑ ላይ ሁለቱም “ሎርድ” አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ የሆነው ወጣትም እግዚአብሔር የተባለው የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ምልክት አጣ ማለት ነው።

1ኛ ቆሮንቶስ 8፥5-6 ሌላው ምሳሌ ነው። ሐዋርያው ብዙዎች ስለሚያመልኳቸው አማልክትና ስለ አንዱ አምላክ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያዎቹ በትንሹ ጂ፣ አንዱ አምላክ በትልቁ ጂ ይጻፋሉ። ለስክሪን እንዲመች ጥቅሱን በአጫጭር መስመሮች እየከፋፈልን ስንተይብ፣ ኢንተር በመታን ቁጥር ፕሮግራሙ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይመስለዋል። መስመሩ አማልክት በሚለው ቃል ከጀመረ፣ ጣዖታቱም ትልቁን ጂ ያገኛሉ!

አማርኛችንም አላመለጠም

“አማርኛ ካፒታል ስለሌለው እኛን አይነካንም” የሚል ይኖራል። በዩኒኮድ ለተጻፈ አማርኛ ይህ እውነት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ ስላገኘ፣ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ለይቶ ያውቀዋል፤ ትልቅና ትንሽ ሊያደርገውም አይሞክርም።

ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ግን ፊደሎቻችን የተቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። እኛ የምናየው አማርኛ ቢሆንም፣ ወርድ የሚያየው እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ትልቅ አደረግሁ ሲል፣ በዚያ ቦታ የተቀመጠውን ሌላ የአማርኛ ፊደል ያመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየቡ መዝሙሮችና ቃለ ጉባኤዎች ዛሬም በየቢሮው አሉ። እነዚህን ከፍቶ የሚያርም ሰው ያው ችግር ይገጥመዋል።

አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድም አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣውና “ሰራ” የተሰኘው የአጻጻፍ ሥርዓት ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለተለያየ ድምፅ ይጠቀማል። ትንሹ ቲ ለ“ተ”፣ ትልቁ ቲ ለ“ጠ” ነው፤ ትንሹ ኤስ ለ“ሰ”፣ ትልቁ ኤስ ለ“ጸ” ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወርድ ተጽፎ በኋላ ወደ ፊደላችን ሲለወጥ፣ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ያለው “ተመስገን” “ጠመስገን” ሆኖ ይገኛል፤ “ሰላም”ም “ጸላም” ይሆናል። “ጤና” ደግሞ በዚህ ሥርዓት የሚጀምረው በሁለት ትልልቅ ፊደላት ነው። ወርድ በ1ኛው ደንብ ሁለተኛውን ትንሽ ሲያደርገው “ጠና” ይሆናል። ስለ ታመመች እኅት ጤና የተጻፈ የጸሎት ርዕስ፣ ሕመሙ ጠና የሚል ዜና መስሎ ሊነበብ ይችላል።

ምን እናድርግ?

ሁሉንም ማጥፋት አያስፈልግም። ቃሉ እንደ ተቀየረ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ ብንመታ ያ ለውጥ ብቻ ይመለሳል፤ የጻፍነው አይጠፋም። ለውጡ በተደጋጋሚ የሚያስቸግረን ከሆነ፣ በኮምፒውተር ላይ በሚሠራው ወርድ ከፋይል ወደ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ወደ ፕሩፊንግ፣ ከዚያም ወደ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ እንገባለን። አምስቱ ደንቦች ለየብቻ ምልክት ተደርጎባቸው ይታያሉ፤ የማንፈልገውን ምልክት እናነሣለን። እዚያው ኤክሴፕሽንስ በሚለው ውስጥ ጉባኤያችን የምትጠቀምባቸውን አጽሕሮተ ቃላት መመዝገብ ይቻላል።

በላቲን ፊደል አማርኛ ለሚጽፍና በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ለሚያርም ሰው፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደንቦችና 5ኛውን ማጥፋት ይበጀዋል። ሲጨርስ መልሶ ሊያበራቸው ይችላል። የእንግሊዝኛ ጥቅስ የሚያዘጋጅ ደግሞ ከመተየብ ይልቅ ከታመነ ምንጭ ቢገለብጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ምንጮች የእግዚአብሔር ስም ትልቅ የሚመስለው በፎንት ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ያለ ቅርጹ ሲለጠፍ ትንንሾቹ ፊደላት ይመለሳሉ። ስለዚህ ከለጠፍን በኋላም ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ፣ ወረቀቱ ከመታተሙ ወይም ጥቅሱ በስክሪን ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው ያንብበው። ፕሮግራሙ ነጥብንና ክፍት ቦታን ያውቃል፤ የሚነበበው ስለ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን አንባቢው ነው።