የጎረቤት ተዝካር

ቢቸና ወይም ሞጣ የምትኖሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። የጎረቤታችሁ የእማማ ባለቤት ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላቸው ነው፤ ድንኳኑ ከደጃችሁ ተተክሏል። ሚስት፣ “በሐዘናቸው ቀን አብረን አልቅሰን ዛሬ በር ዘግተን እንቀመጥ?” ትላለች። ባል ደግሞ፣ “ለሙት የሚደረግ ጸሎት ከእምነታችን ጋር አይሄድም” ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ለተመሳሳይ ጥያቄ ሲመልስ፣ በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳትጠይቁ ብሉ ይላል፤ ለጣዖት የተሠዋ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ግን ስለዚያ ሰው ሕሊና ተዉት ይላል። (የጎረቤቶቻችንን ድግስ የጣዖት መሥዋዕት ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰባኪ ካለ ምላሱን ይግታ።) ጳውሎስ ከምግቡ ይልቅ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ያያል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሂዱና በግልጽ ንገሯቸው፦ “እማማ፣ ጸሎቱ ላይ አንቆምም። ውኃ መቅዳቱንና እንጀራ መጋገሩን ግን ለእኛ ይተዉልን።” ቅር ሊላቸው ይችላል። ታመምን ብሎ ከመዋሸት ግን ይሻላል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናትም ሥጋ መብላት መብታችሁ ነው፤ የጥብሱን ሽታ ወደሚጾም ቤት መስደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሮሜ 14ን አብራችሁ አንብቡ።

ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ማዕዱ ራሱ ይለያያል። ሠርግ ስትደግሱ በግ ለይታችሁ ግዙ፤ በራሳቸው ሰው ይታረድ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ ተነሣ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። እንዲህ ባለ ቀን “ጠቡ የሌሎች ነው” ማለት ለእኛ ይቀለናል። ነገር ግን እኛም በቁጥር ጥቂት ነን፤ ሙታናችንን የምንቀብርበት መሬት ያጣንበትን ዘመን አልረሳነውም።

እንዲህ ያለ ውሳኔ ሕዝብ በመንገድ ላይ ሲጮህ አይወሰንም። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ተነጋገሩ፦ ወሬ ስትሰሙ ለሌላ ከማውራታችሁ በፊት ማንን ትጠይቃላችሁ? የሙስሊም ጎረቤታችሁ ልጆች በሌሊት በራችሁን ቢያንኳኩስ የት ይተኛሉ?