የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ስልኩ ለምን ይዘገያል? በመብራት ምሰሶ ላይ ያሉ አንቴናዎችና የኋላ መስመራቸው

ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ወደ አዲስ አበባ በቪዲዮ የሚደውል ሰው የእናቱ ምስል በስክሪኑ ላይ ደርቆ ሲቀርበት የአገር ቤቱን ኔትወርክ ማማረሩ የተለመደ ነው። ምሬቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይሁንና ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ከደዋዩ መስኮት ፊት ለፊት፣ በመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ከተሰቀለችው ትንሽ ሣጥን ዘንድ ሊሆን ይችላል። በስልኩ ላይ የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ መታየቱ ይህን አያስተባብልም። ምልክቱ የሚናገረው በስልኩና በአቅራቢያው ባለው አንቴና መካከል ስላለው ግንኙነት ብቻ ነውና። ከአንቴናው በስተኋላ ስላለው መንገድ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ አንቴናውን ከኩባንያው ዋና ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የኋላ መስመር በቴሌኮም ሙያ «ባክሆል» ይባላል። በተለመደው አሠራር አንድ ትልቅ የሞባይል ማማ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ይሸፍናል፤ በተጨናነቀ ከተማ ግን በሥሩ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያንኑ የሬዲዮ ሞገድ ይሻማሉ። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ «ስሞል ሴል» የሚባሉ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዋት ኃይል የሚሠሩና ጥቂት መቶ ሜትሮችን ብቻ የሚሸፍኑ ትናንሽ ጣቢያዎችን በየጎዳናው መትከል ነው። አንዱ ጎዳና የተጠቀመበትን ሞገድ ሌላው ጎዳና መልሶ ስለሚጠቀምበት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ከፍ ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ትንሿ ጣቢያ ለስልኮች በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት መረጃ ማስተላለፍ ብትችልና የኋላ መስመሯ 200 ሜጋ ቢት ብቻ ቢሸከም፣ ሁሉም ተጠቃሚዎች የሚከፋፈሉት 200ውን ነው። ነገሩ ሰፊ አደባባይ ሠርቶ መግቢያውን ጠባብ እንደማድረግ ነው።

የኋላ መስመርን በተመለከተ ከሁሉ የሚመረጠው ፋይበር ኦፕቲክ ነው። ዝናብ አይነካውም፤ አቅሙም እጅግ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በየምሰሶው ሥር ፋይበር ለመቅበር አስፋልት መቆፈር፣ ትራፊክ ማገድና ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ውሳኔ፣ ከተሞች በነባር ምሰሶ ላይ ለሚተከል ትንሽ ጣቢያ በ60 ቀን፣ አዲስ ምሰሶ ለሚያስፈልገው ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ደንግጓል። የፈቃዱ ጊዜ ማጠር ግን የቁፋሮውን ወጪ አያስቀርም። ስለዚህም ፋይበር በሌለበት ምሰሶ ላይ ኩባንያዎች የኋላ መስመሩን ራሱን ሽቦ አልባ ያደርጉታል።

ለዚህ አገልግሎት ለረጅም ዘመን የኖረው ከ6 እስከ 42 ጊጋ ኸርዝ የሚደርሰው ማይክሮዌቭ ነው። ፍላጎቱ ሲጨምር ከ71 እስከ 76 እና ከ81 እስከ 86 ጊጋ ኸርዝ ያለው «ኢ ባንድ» ተጨመረ። ይህ ሞገድ ሰፊ በመሆኑ በአንድ መስመር እስከ 10 ጊጋ ቢት በሰከንድ ማስተላለፍ ይቻላል።

ድካሙ ዝናብ ነው። በ80 ጊጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከዝናብ ጠብታ መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። በመሆኑም ጠብታዎቹ የሞገዱን ኃይል ይውጡታል፤ ይበትኑታልም። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ በ300 ሜትር ርቀት ላይ በዝናብ ባይሆን ኖሮ ከሚደርሰው ኃይል አንድ ሦስተኛው ገደማ ይቀራል፤ በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ግን አንድ መቶ ሺህኛው እንኳ አይቀርም። እንደ አዲስ አበባ ያለ ብርቱ የክረምት ዝናብ ባለበት ከተማ መሐንዲሶች ርቀቱን ማሳጠር የሚኖርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ደግነቱ በትናንሽ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት ቀድሞውኑ አጭር ነው።

ዘመናዊ መሣሪያዎች ዝናቡን የሚቋቋሙበት ዘዴም አላቸው። ሰማዩ ጥርት ሲል በአንድ የሞገድ ምልክት 8 ቢት ይጭናሉ፤ ዝናቡ ሲበረታ ጭነቱን ወደ 2 ቢት ይቀንሳሉ። ሰው በጫጫታ መካከል ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን ለያይቶ እንደሚናገረው ማለት ነው። ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መስመሩ ግን አይቋረጥም።

በ60 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ራሱ ሞገዱን ስለሚውጠው፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ርቀቱ ከሚያስከትለው መዳከም በተጨማሪ ከ100 እጅ 97ቱ ይጠፋል። ለረጅም ርቀት ጉድለት የሆነው ይህ ባሕርይ በከተማ ውስጥ ጥቅም ሆኗል። የአንዱ ጎዳና ሞገድ ሌላው ጎዳና ደርሶ አይረብሽም፤ በብዙ አገሮችም ያለ ልዩ ፈቃድ ይሠራበታል።

ሁለቱም ሞገዶች እርስ በርስ የሚተያዩ አንቴናዎችን ይፈልጋሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የ80 ጊጋ ኸርዝ አንቴና የሚልከው ጨረር ስፋቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነፋስ ምሰሶውን ሲያወዛውዘው ጨረሩ ዒላማውን ሊስት ይችላል። በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ሳለ የተገጠመ መስመርም ዛፉ በጸደይ ሲለመልም ሊጋረድ ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ አንቴናዎች ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ እያዞሩ ውዝዋዜውን ይከተላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የተጠናቀቀው የ5ጂ ደረጃ ሌላ አማራጭ ከፍቷል፤ ይኸውም አንድ ጣቢያ ስልኮችን በሚያገለግልበት ሞገድ የኋላ መስመሩንም እንዲያካሂድ የሚፈቅደው አሠራር ነው። ፋይበር ያለው ጣቢያ ፋይበር ለሌላቸው ጎረቤቶቹ ያጋራል፤ እነሱም መረጃውን ይቀባበላሉ። ነገር ግን ለቅብብሉ የዋለው ሞገድ ከስልኮቹ ድርሻ ላይ የተወሰደ ነው። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር በመጨረሻው ምሰሶ ሥር ላለው ሰው የሚደርሰው ይመነምናል።

እንግዲህ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምስሉ ሲደርቅ ሦስት ነገሮችን መጠርጠር ይገባል፦ በጣቢያው ላይ የበዛውን ተጠቃሚ፣ የጣቢያውን የኋላ መስመር፣ በመጨረሻም በሌላኛው ጫፍ ያለውን ኔትወርክ። ደዋዩ በቤቱ ዋይፋይ ሲሞክር ወይም ጥቂት ጎዳናዎች ተሻግሮ ሲደውል ጥሪው ከጠራ፣ እንከኑ ከእናቱ ዘንድ ሳይሆን ከራሱ ሰፈር የነበረ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ያገኛል።