እጁን ማን አስተማረው?

በዳባት ዙሪያ በምናስተምርበት ጣቢያ አንዲት እናት አሉ። ፊደል የቆጠሩት በዚህ ዓመት ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ማታ፣ ከብት ከገባ በኋላ ነው። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ተከናንበን በፋኖስ ዙሪያ እንቀመጣለን። እኒህ እናት አንድ ማታ ደብተራቸውን ሳይከፍቱ ዝም ብለው ተቀመጡ።

«ምነው እማማ፣ አመመዎት ወይ?» አልናቸው።

«አላመመኝም ልጆቼ። አባትየው የልጁን መሰንቆ እሳት ውስጥ ከተተው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው 12 ዓመቱ ነው። በግ ይጠብቃል። ከሜዳ ያገኘው የዘይት ጣሳ ላይ እንጨት ሰካ፤ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፤ ከጎረቤት ፈረስ ጭራ ነጭቶ ክር አደረገው። ይህን ሥራ ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳየውም። ሠርግ ቤት ዳር ቆሞ ያየው ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ በሠርግ የሰማውን ሁሉ ይመታው ጀመር። እረኞች በጋቸውን ትተው ይከቡታል። አባትየው ግን «ከገበሬ ቤት አዝማሪ አይወጣም፤ ነገ ልጅ የሚድርልን እናጣለን» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻም አቃጠሉት።

እናትየዋ ቀና ብለው ጠየቁን። «እጁን ማን አስተማረው? እኔ አላስተማርሁት፤ አባቱም አላስተማረው። በዘር ነው እንዳይባል ከዘራችን አዝማሪ የለም። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ።»

ከመካከላችን አንዱ «ተሰጥዖ ነው» አለ። እርሳቸው በዚህ አልረኩም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልረካንም። የዚህን ሳምንት ገጽ ለዚህ ጥያቄ የሰጠነው ስለዚህ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ከአዝማሪ ቤት እንነሣ። በአዝማሪ ቤት ልጅ ጡት ሳይጥል መሰንቆ ይሰማል። ሲያድግ የአባቱን መሰንቆ ይሸከማል። ክሩን ማክረርና ማላላት ይለምዳል። ከዚያ አባቱ ሲዘፍን ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ባል ይመታል፣ ሚስት ትዘፍናለች። ልጆቹ ከሁለቱም ይሰማሉ። ፊደል እንደምንቆጥረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሰሌዳ የላቸውም።

ችግርም ያስተምራቸዋል። የአዝማሪ ኑሮ ሽልማት ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ፣ ሳያዛንፍ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ መመለስ አለበት። ቢሳሳት ይሳቅበታል። ቢዘገይ ሽልማቱ ይቀራል፤ ልጆቹም ሳይበሉ ያድራሉ። ያንን ፈጣን ጆሮ ስናደንቅ ረኃብም እንዳሠለጠነው አንዘንጋ።

አዝማሪ የሚለው ቃል የመጣው «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ዘማሪ ከምንለው ጋር ወንድማማች ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ይከበራል፤ ሠርግ ቤት ያለው ግን በስሙ ሰው ይሰደብበታል። ያለ እርሱ ሠርጉ አይደምቅም፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ሌላው ስለማይድርላቸው እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ሙያውም ከቤታቸው ሳይወጣ ይኖራል። እኛ ደግሞ መለስ ብለን «በዘራቸው ነው» እንላለን። አጥሩን ያጠርነው እኛው ነን እኮ!

አዝማሪ ወሬ አድራሽም ነበር። ጣልያን ይህን ያውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። የጣልያን መንግሥት ያልቃል እያሉ በየገበያው ይናገራሉ ተብለው ነው። መድፍና አውሮፕላን ያለው ጦር ባለ አንድ ክር መሰንቆ ፈራ።

ላሊበሎችንም ታውቋቸዋላችሁ። ሳይነጋ ከደጃችን ቆመው በዜማ የሚለምኑት ናቸው። ልመናውን ከተውን ቁምጥና ይይዘናል የሚል እምነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ቁምጥና ግን በዘፈን አይመጣም፣ በዘፈንም አይቀርም። የሚያመጣው ተባይ ነው፤ ተባይ ያልነው በዓይን የማይታየውን ነው። በመድኃኒትም ይድናል። ያም ሆኖ ያ የሚያምር ድምፅ ከቤት የወረደ ፍርሃት አለበት።

የእኒህ እናት ልጅ ግን ከአዝማሪም ከላሊበላም ቤት አልተወለደም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሙዚቃ ሳይወድለት ሙዚቀኛ የሆነ ሰው እንፈልግ።

ጥላሁን ገሠሠን በራዲዮ ያልሰማ የለም። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ አደገ። አያቱ ትምህርቱን ብቻ እንዲከታተል ፈለጉ፤ ዘፈኑን አልወደዱለትም። ልጁ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጠፋ። መንገድ ላይ ቱሉ ቦሎ ከአንዲት ዘመዱ ቤት አደረና ወደ አያቱ ተመለሰ። ዳግመኛ ግን ዕቃ በጫነ መኪና ተደብቆ ሄደ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ከዚያም የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ሲሞት ቀብሩ በመንግሥት ሥርዓት ተፈጸመ። አያቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። የፈሩት የዳባቱ አባት የሚፈሩትን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አንዲት ሴት እንሂድ። ታሪካቸው ከጎንደር ጋር ስለተያያዘ ሰፋ አድርገን እንጽፈዋለን።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ካንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ቤቱ የትልቅ ሰው ቤት ነው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተላኩ። (ስንዱ ኋላ በአገራችን ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።) እስቲ የስድስት ዓመት ልጅ ባሕር ማዶ መላክ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እናት የለች። እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ቫዮሊን የመሰንቆ ዘመድ ነው፤ መሰንቆ አንድ ክር አለው፣ ቫዮሊን አራት። ፒያኖ እንደ ትልቅ ሣጥን ነው። ውስጡ ብዙ ክር ተወጥሯል። ከፊቱ ነጭና ጥቁር ጥርስ ተደርድሯል። ጥርሱን በጣት ሲጫኑት ትንሽ መዶሻ ክሩን ይመታል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን ገባ። በ1929 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው አሲናራ ወደምትባል የጣልያን ደሴት ተጋዙ። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ነው። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች በጣልያን ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ወደ ግብጽ ሄደው፣ ካይሮ ከተማ ከአንድ የፖላንድ ተወላጅ አስተማሪ ዘንድ ሙዚቃ አጠኑ። በቀን እስከ 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል። እኛ ሁለት ሰዓት ስናስተምር ወገባችን ይቆረጣል።

ከዚያ ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል መጣ። ነገር ግን ፈቃድ ተከለከሉ። ያን ጊዜ እህል አልቀምስም ብለው ታመሙ፤ ለሞትም ደረሱ። ተስፋቸው ሲቆረጥ ከቤት ጠፍተው ወሎ ውስጥ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። በ21 ዓመታቸው መነኰሱ። ዐሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳያደርጉ በጭቃ ጎጆ ኖሩ። የከንቲባ ልጅ፣ ፒያኖ የለመደች ጣት፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በገዳም ዝም አለች።

ኋላ እግራቸው ታመመና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሙዚቃውንም መለስ ብለው ያዙት። በ1950ዎቹ ወደ ጎንደር መጥተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ጧትና ማታ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የዜማ ተማሪዎችን ያያሉ። እኛ የቆሎ ተማሪ የምንላቸው ናቸው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ የሚለምኑ፣ ከቅጥሩ ሥር የሚተኙ ልጆች ናቸው። ከወገራም፣ ከስሜንም ስንት ልጅ በዚያ አልፏል! ብዙው ሌሊት ከአባቱ ቤት ጠፍቶ የሄደ ነው፤ ልክ እንደ ጥላሁን።

እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ጣታቸው ነው። ስለዚህ የሠሩትን ሙዚቃ በሸክላ አስቀርጸው ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አሰቡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ጀርመን አገር ታተመ። በ1984 ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። ዛሬ በብዙ አገር የሚደመጠው ፒያኗቸው ግማሹ የፈረንጅ፣ ግማሹ የያሬድ ነው። የስዊሱ ትምህርት ቤትም፣ የጎንደር ቅጥርም ውስጡ አለ። መከራው ባይኖር ይህ ሙዚቃ ይገኝ ነበር ወይ? ብዙ ሰው አይገኝም ይላል። እኛ ግን መከራን ማመስገን አንወድም። ለንደን ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ማን ያውቃል? ረኃብና ክልከላ አፍ ያስከፈተው አንድ ሰው ሲነገርለት፣ አፉን የዘጋው ስንቱ እንደሆነ አይቆጠርም።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት በጣቢያችን አነበብነው። የልጁ አባት ሚስታቸውን ሊወስዱ መጥተው ከበሩ ቆመው ሰሙ። ሲያልቅ እንዲህ አሉ።

«ደግ ጻፋችሁ። ሴትዮዋ ግን የከንቲባ ልጅ ናቸው። የኔው ልጅ መሰንቆ ይዞ ምን ይበላል? እናንተ ትመግቡልኛላችሁ?»

ጥያቄው እውነት ነው። መልስ አልሰጠናቸውም፤ የለንምና። ያልነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ቀን በግ ይጠብቅ፤ ማታ ከእናቱ ጋር መጥቶ ፊደል ይቁጠር፤ እጁ ግን አይመታ። አባትየው ዝም አሉ። ፋኖሱን አንሥተው ከፊት ከፊት ሄዱ።

እናትየዋ ሲወጡ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ጣሳው እኮ አልተቃጠለም። እንጨቱና ቆዳው ነው የነደደው። ጠቁሮ ከደጅ ወድቋል» አሉን።

ማክሰኞ ጧት በደጃቸው ስናልፍ ጣሳው አልነበረም። ማን እንዳነሣው አልጠየቅንም።